ባዶ ውሃ የሚፈላበት ሰፈር

እኛ ሰፈር በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ባዶ ውሃ ይፈላል። ሻይ ቅጠል አይገባበትም፣ ሽሮ አይበጠበጥበትም። ይፈላል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይጣዳል። እንግዳ ሰው ቢያየን ምን ነካቸው ማለቱ አይቀርም። ልጆቻችን ግን ከዚህ ሌላ ቀትር አያውቁም፤ በየቦዩ የሚወርደውን ትኩስ ውሃ እየዘለሉ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ሰዓቱን የማስታውቀው እኔ ነኝ። ጥሩምባዬን ስነፋ ድስት ይጣዳል፣ የሙቀት ቧንቧ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ የየቤቱ መስኮት ያልበዋል። ሲበቃ ደግሜ እነፋለሁ፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ጥሩምባው ግን ለዚህ የተሠራ አልነበረም። ሸዋንግዛው እባላለሁ፣ የእድራችን ለፋፊ ነኝ። አባቴም ለፋፊ ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ውስጥ አስተክሎ በሚዞርበት ዘመን ጥሩምባ ምን ይሠራል የሚሉኝ አሉ። ስልክ ለአንድ ሰው ይነግራል፣ ጥሩምባ ለሰፈር ይነግራል እላቸዋለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞቶ ጥሩምባ ያልተነፋለት ሰው እንደሞተ አይቆጠርም፤ የሆነ ቦታ ሄዶ የቀረ ይመስላል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ምድጃ አለው። ምድጃ እንለዋለን እንጂ እሳት የለበትም፤ ከእድሩ ግቢ አጠገብ የቆመ ወፍራም የብረት ማማ ነው። የተራራው ነፋስ መብራት ይሰጣል፣ መብራቱ ኮምፕሬሰሩን ያዞራል፣ ኮምፕሬሰሩ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ጨምቆ ወደ ማማው ያስገባል። ሁለቱ ውስጥ ተገናኝተው አሞኒያ ይሆናሉ። ሲገናኙ ሙቀት ይወጣቸዋል። አሞኒያውን ምድጃዎቹን ሁሉ ከሩቅ የሚያስተዳድረው ማዕከል ይወስዳል፤ በቧንቧ እየመጣ ግድግዳችንን የሚያሞቀው፣ ድስታችንን የሚያፈላው ሙቀት የእኛ ነው። ውሉ ይኸው ነው። ቆላው ሰው አላኖር ብሎ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ደጋ ከወጣ፣ ባሕር ዛፍ መቁረጥም ማሳሰር ከጀመረ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ምድጃ ያገኘ ሰፈር ዕድለኛ ይባላል። ያላገኘው ተሰልፎ ይጠብቃል።

ውሉ አንድ ሌላ ነገርም አለው። ሙቀቱን መውሰድ ግዴታችን ነው።

ይህን ያስረዳችኝ የምድጃው ጠባቂ ትርንጎ ናት። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረች። ከሰው ጋር ስታወራ እንኳ አንድ ጆሮዋን ለኮምፕሬሰሩ የምትተው፣ ሳቅ የማይቀናት፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። አራት እጅ ጋዝ ገብቶ ሁለት እጅ ይወጣል ሲባል ሰምቼ፣ የጎደለው ነው ወይ ሙቀት የሚሆነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የጎደለ ነገር የለም ጋሼ» አለችኝ። «ያው ናቸው፤ ተቃቅፈው ቦታ ስላጠበቡ ነው። ለየብቻ ሳሉ የያዙትን ጉልበት ሲቃቀፉ ይለቁታል። ያንን ሙቀት ከላያቸው ካነሣንላቸው እንደተቃቀፉ ይቆያሉ።»

«ካላነሣንላቸውስ?»

«ይለያያሉ። ሁለቱ ተመልሶ አራት ይሆናል። ማማው ደግሞ አይሰፋም። ግፊቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ መተንፈሻው ይከፈታል።»

መተንፈሻው ከማማው ጫፍ ወደ ሰማይ የቀና ቱቦ ነው። በሕይወቴ እንዲከፈት የማልፈልገው ነገር ቢኖር እሱ ነው። ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ባለ ሰፈር ተከፍቶ ያውቃል። አሞኒያው እንደ ጭጋግ ወርዶ ነፋሱ ወዳለበት ሄደ፣ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ጉሮሮውን ያዘው። በማግስቱ ለዚያ ሰፈር ሊለፍፍ የሚችል ሰው ስላልተገኘ እኔ ተጠርቼ ሄድኩ። የጠራሁት ስም ብዛት እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

ቀይ እጀታ የሚባልም አለ። ጠባቂዋ ከሳበችው ጋዙ ይቆማል፣ ምድጃው ይበርዳል፣ ማንም አይሞትም። ግን ሙቀቱን መውሰድ ያቃተው ሰፈር ተብሎ ይመዘገባል፣ ማዕከሉ ማማውን ነቅሎ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ይሰጠዋል። እንዲህ የተነቀለባቸው ሰዎች ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉ አይቻለሁ። በየቤቱ የሕፃን ሳል ነበር፣ ከዚያ ሳሉ ጠፋ።

አሁን ስለ መክደን። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ድሮ ጎረቤት ሲሞት ሬዲዮ ይዘጋ ነበር፣ ሙቀጫም ዝም ይል ነበር ይላሉ። እኛ ሙቀት እንከድናለን። እኔ ጥሩምባውን ነፍቼ የሟቹን ስም ስጠራ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሙቀቱን ቧንቧ ይዘጋል። ጎረቤትህ በድን ሆኖ ተዘርግቶ አንተ ግድግዳ ተደግፈህ ልትሞቅ ነው? ነውር ነው። እስኪቀበር ድረስ ይከደናል፤ ከቀብር መልስ መጀመሪያ የሚከፍተው የሟች ቤት ነው። ከሟች ቤት ቀድሞ የከፈተ ሰው፣ እሱ የሞተ ቀን ሬሳውን የሚያነሣለት አያገኝም። እንዲህ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እኔና ወንድሙ ብቻ ቀበርነው።

ጠዋት የሞተ ማታ ሳይደርስ ስለሚቀበር ምድጃው ይህንን ይችል ነበር። ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ የግፊት መለኪያውን ጌጅ እያየች ትጠብቃለች፣ ሰው ከቀብር ይመለሳል፣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ያልፋል። ማዕከሉ ስለዚህ ወግ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኛም አልነገርነውም። ሐዘናችን ምኑ ነው ብለን።

አባባ ናታን በኅዳር ውርጭ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ስማቸው አይግረማችሁ፤ የዛሬ ሽማግሌዎች ስም እንዲህ ነው፣ ያን ጊዜ ወላጆቻቸው የወደዱት ይህንን ነበር። ባለቤታቸው እማማ ቢታንያ ናቸው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ያቤጽ ናቸው። ሦስቱም አብሮ አደግ ናቸው። አባባ ናታን ሳቂታ ሰው ነበሩ፣ ብርድ የሚባል ነገር አይወዱም፣ ፀሐይ ባለበት ሁሉ ወንበራቸውን እየጎተቱ ይዞራሉ። አንድ ልጅ ብቻ አላቸው፣ መንገሻ። እሱ አፋር ሜዳ፣ የፀሐይ ማሳ ላይ ነው የሚሠራው።

ጥሩምባ ነፋሁ፣ ስማቸውን ጠራሁ፣ ሰፈሩ ከደነ።

ከቀትር በኋላ ሳጥኑ መጥቶ ሳለ ከመንገሻ መልእክት ደረሰ። ተነሥቷል፤ ግን የቆላ መንገድ በቀን አይነዳም፣ ሰውም ጎማም ይቀልጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው መንገዱ የሚከፈተው፣ ረቡዕ ቀትር ላይ ይደርሳል። እማማ ቢታንያ ሰሙና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ይጠበቃል።»

ማን ይከራከራል? አንድ ልጅ ነው። ሳጥኑ ተመለሰ። ሰው ጋቢውን ደራርቦ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ከእኛ መካከል አንድ እንኳ ስለ ምድጃው ያነሣ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ስለ ጋዝ ማውራት ያሳፍራል።

ረቡዕ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እያደልኩ ሳለ የኮምፕሬሰሩ ድምፅ ተለወጠብኝ። ያ የለመድነው እርጋታ የለውም፣ ሽቅብ የሚገፋ ሰው የሚያቃስት ይመስላል። ቀና ስል ትርንጎ ከድንኳኑ ጫፍ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ እጇ ግን የሥራ ጓንት ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይምጡልኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ወደ ምድጃው ወሰደችኝ። ጌጁን አሳየችኝ። ቀስቱ ከቀዩ ጋር ሊነካካ ምን ቀረው።

«ትናንት ማታ ነበር መንገር የነበረብኝ» አለች። «ይመጣል፣ ይቀበራል እያልኩ። ነፋሱ ደግሞ ዛሬ በርትቷል፣ ጋዙን እየጨመረው ነው። አሁን መለያየት ጀምረዋል ጋሼ። የሠራውን እያፈረሰ ነው።»

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ከቀትር በፊት።»

አናታችን ላይ ያለውን ቱቦ አየሁ፣ ከዚያ ነፋሱ ጋቢዬን ወዴት እንደሚወስደው አየሁ። ወደ ድንኳኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት ልጆቼን ይዤ መሮጥን ነው።

ጋሽ ያቤጽን ጠራናቸው። ከድንኳኑ ኋላ ቆመን ትርንጎ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት እያዩ ሰሟት።

«ቀዩን እጀታ ሳቢው» አሏት።

«ከሳብኩት ምድጃው ይነቀላል ጋሽ ያቤጽ። ገና ኅዳር ነው።»

«እንግዲያው ሰው ይነሣ፣ ድንኳኑ ይፍረስ።»

«ድንኳኑ ቢነሣ ቤቶቹ አሉ። ሰፈሩ ይነሣል?»

ወደ ቤቶቹ አዩ። «ይከፈት ነው የምትሉኝ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ» አልኩ እኔ። «እርስዎ ያውጁ፣ እኔ ልንፋ።»

«እኔ?» ዱላቸውን ከመሬት አነሡ። «የናታን ሬሳ ቤት ውስጥ ተኝቶ፣ ያቤጽ ሙቀት አስከፈተ ልባል? ስልሳ ዓመት አብሬው የኖርኩ ሰው። ባለቤትየዋ ካልከፈቱ በቀር እኔ ምን አፍ አለኝ። እሳቸውን ጠይቁ። ካሉ፣ እሺ። ካላሉ ግን አንቺ ልጅ፣ ሳቢው፤ ሁላችንንም ይብረደን።»

ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሐዘንተኛን ሐዘንዎን ያቁሙ ልል ሄድኩ።

የእማማ ቢታንያ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ይታያል። አባባ ናታን አልጋቸው ላይ ተገንዘው ተኝተዋል። እማማ አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ከማንም በላይ የበረዳቸው እሳቸው ነበሩ። ገብተን ቆምን። እኔ ጀመርኩ፣ ተንተባተብኩ፣ ትርንጎ ተቀበለችኝ።

እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«ቅበሪው ነው የምትይኝ?» አሏት።

«አይደለም እማማ። መንገሻ ይጠበቃል። ቧንቧው ይከፈት ነው የምለው።»

«ሬሳ ባለበት ቤት ሙቀት? ልጄ የአባቱን ፊት ምን ሆኖ ሊያየው ነው?»

«እሱን አስቤበታለሁ» አለች ትርንጎ። «ምድጃው ሥር ቀዝቃዛ ክፍል አለ። የክሊኒኩን ክትባትና የድንች ዘር የምናስቀምጥበት። የተጨመቀው አሞኒያ እዚያ ሲለቀቅ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከግድግዳው ሙቀት ይስባል። የብስክሌት መንፊያ ሲጨምቁበት ይግል የለ? ሲለቁት ደግሞ ይበርዳል። አባባ እዚያ ቢቀመጡ እስከ ሳምንትም አይለወጡም።»

«ከድንች ጋር።»

«ድንቹን አወጣዋለሁ እማማ።»

እማማ ቢታንያ ወደ ባላቸው ዞሩ። የከፈኑን ጠርዝ ደጋግመው አስተካከሉ። እኔ ጆሮዬ ደጅ ነው ያለው፣ ኮምፕሬሰሩን ነው የምሰማው። ምነው ቶሎ ቢሉ እያልኩ በውስጤ ስቆጣቸው ለራሴ አፈርኩ።

«ነፋሱ ወዴት ነው?» አሉ።

«ወደ ድንኳኑ ነው» አልኳቸው።

«ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ለእሱ የመጡ ናቸው።» ተነሡ፤ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው ትርንጎ ደገፈቻቸው። «ናታን በሕይወቱ ሰው አስቀይሞ አያውቅም። የእሱ ለቅሶ ሰው አይፈጅም። አንሡት።»

አራት ሆነን አነሣናቸው። ከቤት ሳንወጣ እማማ ቢታንያ የደረቡትን ጋቢ አውልቀው በላያቸው ላይ አለበሷቸው። «ብርድ አይወድም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ጓዳ ሄዱና የሙቀቱን ቧንቧ በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት። ግድግዳው ውስጥ ውሃ ሲሮጥ ሰማሁ። ሰው ሲያለቅስ ብዙ አይቻለሁ፣ ሥራዬ ነው፤ እንደዚያ ቆማ የምትሞቅ ሴት ግን አላየሁም።

አስከሬኑ በሰው መካከል ወደ ምድጃው ሲገባ ድንኳኑ ተንጫጫ። ደጃፉ ላይ ወጥቼ ነፋሁ። የጥሩምባው ድምፅ ተሰባበረብኝ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የአባባ ናታን ባለቤት ቤታቸውን ከፍተዋል። ሁላችሁም ክፈቱ።»

የተነሣ ሰው የለም። እርስ በርስ ተያዩ። ሳይቀበር? የሚል ሹክሹክታ ብቻ ነው። እንደገና ጮህኩ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ያቤጽ ዱላቸውን እያንኳኩ ከድንኳኑ ወጡ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ደጃቸው ላይ ያለውን የቧንቧ መክፈቻ አዞሩ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ቤት ለቤት የቧንቧው ጩኸት ወረደ።

ወደ ትርንጎ ሮጥኩ። ጌጁ ላይ አፍንጫዋን ደፍታለች።

«ቆሟል፣ አልወረደም» አለች። «የቀዘቀዘ ግድግዳ የሚጠጣውን ጠጥቶ ይጠግባል። የሚያነሣው ነገር ያስፈልገዋል ጋሼ። ውሃ። ያላቸውን ውሃ ሁሉ ያፍሉ፣ የፈላውን ይድፉ፣ ሌላ ይጣዱ።»

እንዲህ ሆነ ነገሩ። ሐዘንተኛው ሕዝብ ድስት፣ ጀበና፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ የሠርግ ጎላ ሳይቀር ጣደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ የፈላ ውሃ ደጅ ላይ ይደፋሉ። ውርጭ የመታው መሬት ላይ ትኩስ ውሃ ሲያርፍ እንፋሎቱ ሰው ያህል ቁመት ይነሣል። ፊታቸው ቀላ። ከትናንት ጀምሮ ሲንቀጠቀጡ የነበሩ ሕፃናት ሙቀቱን ሲያገኙ ይስቁ ጀመር፣ በእንፋሎቱ ውስጥ መሯሯጥ ያዙ። ትርንጎ በመስኮት ብቅ ብላ «እየወረደ ነው» ስትል፣ አንዷ ሴት እልል ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ፍርሃት ነው ያስጮሃት። ግን እልልታው ወጥቷል፣ ሌሎችም ሳቁ፣ አለቀሱ፣ የቱን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው።

በዚህ መሐል አንድ አቧራ የለበሰ መኪና ከሰፈሩ መግቢያ ቆመና አንድ ሰው ወረደ። ፊቱ በቆላ ፀሐይ ጠቁሯል፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። እንፋሎቱን አየ፣ የሚፈላውን ጎላ አየ፣ የሚስቁትን ልጆች አየ። ቅርቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ከሰፈር ከወጣ ቆይቷልና አላወቀኝም።

«የማን ሠርግ ነው?» አለኝ መንገሻ።

እጁን ይዤ ወደ ምድጃው ወሰድኩትና ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አወረድኩት። እናቱ እዚያ ነበሩ። ጋቢያቸውን ለባላቸው ሰጥተው በነጠላ ብቻ ተቀምጠዋል። አባቱን በእናቱ ጋቢ ተጠቅልለው፣ ፊታቸው ሳይለወጥ አገኛቸው። ወደ ውጭ ወጣሁ። እዚያ ታች የተነገረውን አልሰማሁም፣ መስማትም አልፈለግሁም።

ከቀትር በኋላ ቀበርናቸው። ማንም አልሞተም፣ ምድጃውም አልተነቀለም። ጋሽ ያቤጽ ከቀብር ስንመለስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ተርፈናል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈስኩ።

በማግስቱ ማዕከሉ ተናገረ። ማዕከሉ የሚናገረው በየቤቱ ግድግዳ ነው፤ ድምፁ የሴት ነው፣ ትሑት ነው፣ አይቸኩልም።

«ውድ ነዋሪዎች፣ ረቡዕ ዕለት ያሳያችሁት የሙቀት አጠቃቀም ከተጠበቀው እጅግ በላይ ነው። ፍላጎታችሁን ተረድተናል። ከነገ ጀምሮ የጋዙ መጠን በዚሁ ልክ ይቀርብላችኋል።»

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር የሰማችው። «ይህን ያህል ጋዝ ከመጣ በየቀኑ የረቡዕን ያህል ማፍላት አለብን» አለች።

ነገርነው። ፍላጎት አልነበረም፣ ለቅሶ ነበር አልነው። ጋሽ ያቤጽ ራሳቸው ግድግዳው ፊት ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለአንድ ትልቅ ሰው እንደሚናገሩ አድርገው አስረዱት።

«ስለ ሐዘናችሁ እናዝናለን» አለ ማዕከሉ። «ፍላጎታችሁን ተረድተናል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ማዕከሉ ወረቀት የሚባል ነገር አይነካም፣ ያው ግን አለቀቀም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ሲበረታ ጋዙ እንደተባለው መጣ። ቀስቱ ተነሣ። ትርንጎ ወደ እኔ ቤት ስትሮጥ ጥሩምባዬን ይዤ ደጅ ላይ ጠበቅኋት። ሰው ድስቱን ጣደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልጣድንበት ቀን የለም። በጾም እንጥዳለን፣ በበዓል እንጥዳለን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ የእኛ ደግሞ ቢያፈሉት እንፋሎት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

መክደንም ቀረ። ሰው ሲሞት ወደ ቀዝቃዛው ክፍል እናወርደዋለን፣ እኛ ላይ ሆነን እናፈላለን። መንገሻ አፋር አልተመለሰም፣ ከእናቱ ጋር ቀረ። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣብኝም።

እማማ ቢታንያ ከዓመታት በኋላ፣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ባላቸው ይጎትቱት የነበረውን ያንን ወንበር ይዘው ሳሉ ጠሩኝ።

«ሸዋንግዛው፣ ለናታን አንድ ቀን ሙሉ ከደናችሁለት። ከዚያ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አይቆጨኝም። እኔ ስሞት ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ ክደኑልኝ። ሰፈሩ ለአንድ ሰዓት ዝም ይበልልኝ።»

«እሺ» አልኳቸው። ትርንጎን ሳልጠይቅ ነው እሺ ያልኩት። ምን ልበል?

ዛሬ ረፋድ ላይ አረፉ። መንገሻ መጥቶ ነገረኝ፣ ከጎረቤቶች ጋር ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አወረድናቸው። ወደ ትርንጎ ሄድኩ። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ጓንቷ ያው ነው።

«አንድ ሰዓት» አልኳት።

ጌጁን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው። «በድሮው መጠን ቢሆን አንድ ቀን ይችል ነበር ጋሼ። አሁን ሩብ ሰዓትም አይችልም። ይዩት ነፋሱን።»

ነፋሱን አየሁት። ቀትር ደርሷል።

ወደ ደጅ ወጥቼ ጥሩምባዬን አነሣሁ። የሞት አነፋፍ ሌላ ነው፣ ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ይወድቃል። በሚቻለኝ ሁሉ ለይቼ ነፋሁት። ስም ልጠራ አፌን ከመክፈቴ በፊት ከየቤቱ የድስት ክዳን ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧው ከላይ እስከ ታች ጮኸ። ልጆች ትኩሱን ውሃ ሊዘሉ ወደ ቦዩ ሮጡ።

«እማማ ቢታንያ አርፈዋል» አልኩ። በድጋሚ አልኩት። የሰሙት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድስታቸውን ይዘው ደጅ ላይ ቆሙ። የሚያለቅሱ ነበሩ። የፈላውን ግን ደፉት፣ ሌላ ሊጥዱ ገቡ።

የእማማ ቢታንያ ቤት መስኮት በእንፋሎት ተደፍኖ ነበር። በሩ ተከፈተና መንገሻ ጎላ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፣ ውሃውን የእናቱ ወንበር አጠገብ ደፋው። አየኝ።

«አንድ ሰዓት ብላህ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«ብለውኝ ነበር።»

«ለእኔም ብላኛለች» አለና ሌላ ውሃ ሊቀዳ ገባ።